ስድስት ሲሲ የማትሞላ ትርፍ

ይድረስ ለእታለሜ፣ ከእናታችን ቀጥሎ በእጇ ላሳደገችኝ እህቴ።

ለመሆኑ እንዴት ከረማችሁ? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ለቀቀሽ? የእናታችን ዓይን እንዴት ሆነ? መነጽሩን ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች? ጋሼስ ከዚያ ክፉ ሳል ዳነ? ልጆቹን ትምህርት እንዴት ይዟቸዋል? ጥያቄ ያበዛሁት ወድጄ አይደለም። መልስሽ እስኪደርሰኝ ወር ስለሚፈጅ፣ አንዱን ጠይቄ ሌላውን ላቆይ ብል ሆዴ አይችልልኝም። እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ። ናፍቆታችሁ ግን እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ሥራ ላይ ስሆን ይተወኛል፣ ቁጭ ስል ይመለሳል።

የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ስልክ ላይ ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ትናገራላችሁ። እናታችን በላህ ወይ ትላለች፣ ልጆቹ ይሻማሉ፣ እኔም ደኅና ነኝ ብዬ እዘጋለሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ። መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ከዚህ ውስጥ ለእናታችን የሚነበበውንና የማይነበበውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ጋሼ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «የሚስቴ ወንድም የውድድር ሞተር ሐኪም ነው» እያለ እንደሚያወራና ባልደረቦቹም «ምን ያህል ትልቅ ሞተር?» ብለው እንዳፋጠጡት ጽፈሽልኝ በጣም ሳቅኩ። እስቲ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ የምሠራባቸው ሞተሮች ከትንሽም ትንሽ ናቸው። ውድድሩ የአፈር ሜዳ ላይ ነው፤ ጉብታና ጉድጓድ እያለፉ በሞተር ብስክሌት ይሽቀዳደማሉ፣ አብዛኞቹም ልጆች ናቸው። የሞተር ትልቅነት የሚታወቀው በክብደቱ ሳይሆን ፒስተኑ የሚመላለስባት ጉድጓድ ምን ያህል ትይዛለች ተብሎ ነው፤ መለኪያው ሲሲ ይባላል። ወጥ ቤት ግቢና የሾርባ ማንኪያ አንሺ። ሦስት ማንኪያ ከሲሶ ያህል ውኃ ብትቀጂ ሃምሳ ሲሲ ነው፤ የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናት የሚነዱት እሱን ነው። አራት ማንኪያ ከሩብ ያህሉ ስልሳ አምስት ነው፤ እሱ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ላሉት ነው። ቀጥሎ ሰማንያ አምስት አለ፤ የመጨረሻው መቶ ሃያ አምስት ሲሆን አንድ የሻይ ብርጭቆ ይሞላል፣ ጎረምሶቹ ይነዱታል። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ከሻይ ብርጭቆ የሚበልጥ ሞተር ነክቼ አላውቅም።

ግን አትናቂያቸው። ሠላሳ ባለ ስልሳ አምስት ሞተሮች ባንድ ላይ ሲነሡ ቀፎ የተነካበት ንብ ነው የሚመስሉት። በእነዚያ ጉብታዎች ላይ የአንዲት የሻይ ማንኪያ ልዩነት ካለ አንዱ ወጥቶ ሲዘል ሌላው መሃል ላይ ያጣጥራል። ልጅ ደግሞ ሲሸነፍ ሞተሬ አነሰ ብሎ አያስብም፤ እኔ አነስኩ ብሎ ነው የሚያስበው። ለዚህ ነው ለኪ ያስፈለገው።

ለኪው ደግሞ እኔ ነበርኩ። አምና ውድድሩ ሊጀመር ሲል የአዘጋጆቹ አለቃ ጋራዣችን መጣ። ድሮ ራሱ ተወዳዳሪ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ አንድ እግሩ ስለማይታጠፍ ሁሉም ምርኩዝ ነው የሚለው፣ እሱም አይከፋውም። በየቅዳሜው ሜዳው ላይ እየተገኘሁ የሞተሮቹን ልክ እንዳረጋግጥ ጠየቀኝና ምክንያቱን ነገረኝ። እጅህ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ አለ፤ እዚህ ከተማ ዘመድ የለህም፣ ልጅ የለህም፣ ጎረቤት እንኳ አታውቅም፤ የምታደላለት ሰው ስለሌለህ ነው የመረጥንህ። ይህን ያለኝ አክብሮኝ ነው፣ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ካሊፐር የሚሉትን የብረት መለኪያ ተቀበልኩ። ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ሰው አልባነት ለካ ሙያ ኖሯል።

ክፍሌን አታውቂያትም። አንድ መስኮት አላት፣ የጋራዡን ቆርቆሮ ጣራ ታያለች። አንድ ወንበር፣ አንድ ምድጃ፣ በሩ ላይ ሁለት ምስማር፣ አንዱ ለቱታዬ አንዱ ለኮቴ። ስገባ ሁለት ብርጭቆ ገዝቼ ነበር፤ የሁለተኛዋ የዋጋ ወረቀት እስከ ዛሬ አልተላጠም።

ከጋራዡ ቀጥሎ ዳቦ ቤት አለ። ጋጋሪው ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት አንድ ልጅ አለችው፤ ስልሳ አምስት ነው የምትነዳው። ከእኩዮቿ ሁሉ ስለምታንስ፣ ድምፅዋም ስለማይቋረጥ ትንኝ ይሏታል። ሞተሯን ለማስጠገን ሲመላለሱ ተዋወቅን። አንድ ቀን ሚስቱ የኮቴ እጅጌ መተርተሩን አየችና አውልቀው ብላ እዚያው ሰፋችልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ምሳ ጠሩኝ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር እዚያ ነበርኩ። ጠረጴዛቸው ዙሪያ ከመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የእኔ ሆነ፤ ዘግይቼ ስመጣ እንኳ ማንም አይቀመጥበትም። ትንኝ ቋንቋቸውን ታርመኛለች፣ ስሳሳት በሹካ ጠረጴዛውን ትመታለች። እኔ ደግሞ ሞተር በጆሮ ማወቅ አስተማርኳት፤ ዓይኗን ጨፍና ይሄ ሃምሳ ነው፣ ይሄ ሰማንያ አምስት ነው ትላለች። እታለም፣ በእነዚያ እሑዶች ሳቄን ስሰማ የሌላ ሰው ሳቅ ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያ ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር።

ትንኝ ጎበዝ ናት፣ ግን ከስድስተኛ በላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ አንደኛ ወጣች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ደገመች። አባቷ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ዋንጫዋን ከዳቦዎቹ መሃል አስቀመጠው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። እኔም አልኩ። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ገና ስትነሣ ድምፁን ሰምቻለሁ። ሞተሩ ትንሽ ወፍሯል። ጉንፋን የያዘው የሚያውቁት ሰው ሲናገር እንደሚታወቅ፣ እኔም አወቅኩት። አባቷ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ቀይሮላት ይሆናል አልኩ ለራሴ። ጆሮዬ ደክሟል አልኩ። ምክንያት አያልቅብኝም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ፣ ሦስቱንም እሑድ ሄጄ ምሳዬን በላሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

በአራተኛው ቅዳሜ ትንኝ እንደገና አንደኛ ወጣች። ልጁ ሁለተኛ የወጣበት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ግን ወደ አዘጋጆቹ ድንኳን ሄዶ ሞተሩ ይከፈትልኝ አለ። ማንም ወላጅ ይህን መጠየቅ መብቱ ነው። ምርኩዝ ወደ እኔ ዞሮ ክፈተው አለኝ።

ሞተር ብስክሌቷን ጠረጴዛው አጠገብ አቆምናት፣ እስክትበርድ ጠበቅን። ትንኝ የራስ ቁሯን በብብቷ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ አቧራ ለብሷል፣ መነጽሩ የነበረበት ብቻ ንጹሕ ነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። እጄ ሥራውን ያውቃል፣ እኔ ግን እንዲረሳው እየተመኘሁ ነበር። ክዳኑ ተነሣ። ካሊፐሩን ሲሊንደሩ ውስጥ፣ ፒስተኑ የሚመላለስባት ጉድጓድ ውስጥ፣ አስገባሁት። ስፋቱ አርባ አምስት ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው አርባ ሰባት ነው። አንድ ሰው ጉድጓዱን አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ከቶበታል።

ጋጋሪው ከጎኔ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣

«እስቲ ደግመህ ለካው» አለኝ።

ደግሜ ለካሁት። አርባ ሰባት። ሦስተኛ ለካሁት። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ምን እንደሚለምነኝ ገባኝ። አስልቼ ወረቀቱ ላይ ሰባ ነጥብ ስምንት ሲሲ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ትርፉ ስድስት ሲሲ እንኳ አይሞላም።

ትንኝ እጄን ነካ አድርጋ ስንት ነው አለችኝ። ነገርኳት። ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለግኩም። ትንሽ አሰበችና «የበፊቶቹን ዋንጫዎችም ይወስዱብኛል?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት።  የራስ ቁሯን አጥልቃ የፊቱን መከለያ ወደ ታች ሳበችው፤ ከውጭ ሆኖ ፊቷን ማየት አይቻልም ነበር፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቷ መጥታ እንደዚያው እንዳለች አቅፋ ወደ መኪናቸው ወሰደቻት።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ማንም አትምጣ አላለኝም፤ ና ያለኝም የለም። አልሄድኩም። ከዚያ ወዲያ ዳቦ የምገዛው ሦስት መንገድ ተሻግሬ ሆነ።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ጋጋሪው በምሳ ሰዓት ጋራዡ መጣ። ሌሎቹ ወጥተዋል፣ ብቻዬን ነበርኩ። አልተቀመጠም። ሲሊንደሩን ሌላ ከተማ ወስጄ ያሰፋሁት እኔ ነኝ አለኝ። በየቅዳሜው መኪናው ውስጥ ስታለቅስ መስማት ሰለቸኝ፤ ሁለት ሦስቴ ካሸነፈች ልቧ ይበረታል፣ ከዚያ የድሮውን እመልስላታለሁ ብዬ ነበር አለ። ይህን ሲናገር አልተቆጣሁትም፣ ይልቁንም አዘንኩለት። ቀጥሎ ያለኝ ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው።

«ጆሮህ እንደማይስተው አውቅ ነበር» አለኝ። «ዝም ስትል ፈቅደሃል ብዬ ነው። ካልፈቀድክ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም? በር ዘግተን እናስተካክለው ነበር። ልጄን ሰው ሁሉ ፊት ከማዋረድ።»

 እኔም የምጠይቀው ነበረኝ። ያ ሁሉ ምሳ፣ ያ ወንበር፣ ለእኔ ነበር ወይስ ለሞተር ለኪው? የጠሩኝ ምርኩዝ ካሊፐሩን ከሰጠኝ በኋላ መሆኑን ያሰብኩት ገና ያን ጊዜ ነው።  ጠይቄው ጥርጣሬዬ እውነት ካልሆነ የሰው ልብ እሰብራለሁ፣ እውነት ከሆነም የእኔ ይሰበራል። ጥያቄዬን ዋጥኩት። እሱም እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ምርኩዝ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ድምፁን ከመጀመሪያው ቀን እንደሰማሁ፣ ሦስት ሳምንት ዝም እንዳልኩ፣ ለምን ዝም እንዳልኩም። በረንዳው ላይ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ነበር የሰማኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፣ አልጮኸም። «ሰው አግኝተህ ኖሯል። ደስ ይለኛል» አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «ካሊፐሩን ግን መልስ።» መለስኩለት። እስከ በሩ ሸኘኝ።

እንዲህ ሆነና እታለም፣ ሰው ስላልነበረኝ ያገኘሁትን ሥራ ሰው ስላገኘሁ አጣሁት፤ ሰዎቹም የሉም። የሳምንቱ ሥራዬ እንዳለ ነው፣ ስለ እንጀራዬ አታስቢ። ቅዳሜና እሑድ ግን ምን እንደማደርግበት አላውቅም። መንገድ ላይ እሄድና እመለሳለሁ። አንዳንዴ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት አንድ ቃል ሳልናገር እውላለሁ፤ ሰኞ ደኅና አደራችሁ ስል ድምፄ ይሻክርብኛል።

ከወር በኋላ አንድ ቀን የጋራዡን በር ሳነሣ ትንኝና እናቷ ውጭ ቆመዋል። ትንኝ የዳቦ ከረጢት ታቅፋለች፤ ውስጡ ትክክለኛው ሲሊንደር ከነፒስተኑ ነበር። እናቷ አባትየው ሊጥ ኩፍ ስላለበት መምጣት አልቻለም አለች። ሊጥ በዚያ ሰዓት ኩፍ እንደማይል እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ሲሊንደሩን ከመግጠሜ በፊት ትንኝ እኔ ልለካው አለች። የጋራዡን ካሊፐር ሰጠኋት። ምላሷን አውጥታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አነበበች፤ አርባ አምስት አለች። ቀጥላ ይሄኛው ቀርፋፋ ነው አይደል ብላ ጠየቀችኝ። ትንሽ አልኳት። ስንተኛ እወጣለሁ አለች። አላውቅም አልኳት። እሺ፣ እንግዲህ ከስድስተኛ ነው የምጀምረው አለችና ከረጢቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። እናቷ ሲወጡ የኮቴን እጅጌ ገልብጣ ስፌቱን አየችው። መያዙን አይታ ለቀቀችው።

ትናንት ቅዳሜ ትንኝ በዚያ ሲሊንደር ምክንያት ከውድድር የታገደችበት ጊዜ አልቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረች። ሄድኩ። ለኪ ሳልሆን ሜዳው ላይ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው፤ ከገመዱ ውጭ፣ ከቤተሰቦቹ መሃል፣ ጃንጥላና ምሳ ዕቃ ከያዙ ሰዎች ጋር። ጋጋሪው ከእኔ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ነበር የቆመው። አየኝ፤ አየሁት። አልተጠጋም፣ ግን ቦታውንም አልቀየረም።

ሁለተኛው ጉብታ ላይ ትንኝ ወደቀች። አባቷ ገመዱን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ እኔም እንዲሁ። ራሷ ተነሣች፣ ሞተሩን አቀናች፣ በእግሯ ረግጣ አስነሣችው፤ አንዴ እንቢ አላት፣ በሁለተኛው ተነሣ። በፊታችን አልፋ ስትሄድ ድምፁ ቀጭን፣ ጥርት ያለ ነበር። ጋጋሪው ወደ ሜዳው እያየ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያስታውቅ፣

«ድምፁ ጥሩ ነው» አለ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

 ትንኝ አሥራ አንደኛ ወጣች። ሞተሯን መኪናቸው ላይ ጭነው ሄዱ፣ እኔም አውቶቡስ ጠብቄ ገባሁ። ዛሬ እሑድ ነው። ሾርባ አሙቄ ቆሜ በላሁና ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

እታለም፣ አንቺ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሳሳት አታባብይኝም፤ አሁንም እንዳታባብይኝ። ጥፋቴ የትኛው ነው? ያን ቅዳሜ ቁጥሩን እንዳለ መጻፌ ነው ወይስ ሦስቱ ሳምንት? እኔ ሦስቱ ሳምንት ይመስለኛል። ገና የመጀመሪያው ቀን አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ልጅቷ አታለቅስም፣ አባቷም አይዋረድም፣ ምናልባትም ወንበሬ አይሄድብኝም ነበር። የፈራሁት ምሳዬን እንዳላጣ ነው። ይህን ለሌላ ሰው አልጻፍኩም። ቁርጡን ጻፊልኝ።

እስከዚያው አንድ ነገር ወስኛለሁ። ነገ ሰኞ ሦስቱን መንገድ አልሻገርም፤ ዳቦዬን የምገዛው ከእሱ ነው።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ልጅሽ ይበላል፣ ይተኛል፣ ካልሲውንም ይቀይራል በያት። ለጋሼ ትከሻዬ ትከሻውን ይንካልኝ፤ ጠዋት ጠዋት አንገቱን ሳይሸፍን እንዳይወጣ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን ስታልፍ ከማንም በፊት እኔ እንድሰማ አደራ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ መጀመሪያ የሳምሽው እንዳይኮራ ሁለተኛውን ሁለቴ ሳሚው። ከግቢያችን በር አጠገብ ላለው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ሰላምታዬን ንገሪልኝ። አንቺን ደግሞ የእጅሽን መዳፍ እስማለሁ፣ መርፌ የወጋው ጣትሽ ያለበትን።

ወንድምሽ

ከጋራዡ ማዶ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ፣ ግንቦት ፬ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.